ተኩሳ ያልፎከረች፦ ስለ «ድፍረት» ፊልምና ስለ ሜሮን ጌትነት ትወና



ከስማዳ ወገዳ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ከታች ጋይንት አርብ ገበያ ተነሥታችሁ እዚህ ነፋስ መውጫ የደረሳችሁ ሁሉ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የከተማችን ስም ሐሰት የለበትም፤ ጋቢውን ያወለቀ ሰው ካለ መልሶ ይልበስ።

ትናንት አንድ አባት ዛሬ የምናገረው ስለ ፊልም መሆኑን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ለፊልም ደግሞ ዲስኩር ምን ያደርግለታል? አይተው የሚጨርሱት ነገር አይደለም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አብዛኛው ፊልም አይተው የሚጨርሱት ነው። እኔ የመጣሁት አይቼ ያልጨረስኩትን አንድ ፊልም ላጫውታችሁ ነው።

ከወንጀል ፊልም ጋር የተዋወቅሁት በልጅነቴ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፦ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተደፈነ አንድ ክፍል፣ ግንድ ተጠርቦ የተሠራ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ አንድ ቴሌቪዥን፣ ውጭ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ቋንቋው አይገባንም። አንድ ሕግ ግን ሁላችንም እናውቃለን፦ «አክተሩ አይሞትም።» በጥይት የሚረግፈውን ሰው ማንም አይቆጥረውም። ፊልሙ ሲያልቅ እየተቧቀስን፣ በአፋችን እየተኮስን ወደ ቤታችን እንገባለን። ያ የወደቀው ሰውዬ እናት ይኖረው ይሆን ብሎ የጠየቀ አንድም ልጅ አላስታውስም።

ይህን የተማርነው ደግሞ ከፈረንጅ ፊልም ብቻ አልነበረም። በእኛ አገር የተኮሰ ሰው ይፎክራል። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ ባለው አገራችን ፉከራና ቀረርቶ የሌለበት ሠርግ አላየሁም። ገዳይ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የጠመንጃውን ስም ይጠራል፤ ሟች ግን ስም የለውም። ፉከራው ውብ ነው፤ አልክድም፤ ስሰማው እኔም ደሜ ይሞቃል። ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። ከጥይቱ በኋላ ያለውን ዝምታ ይሸፍናል።

ዛሬ የማነሣው ፊልም የሚጀምረው ከዚያ ዝምታ ነው። ስሙ «ድፍረት» ይባላል።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ሂሩት የ14 ዓመት ልጅ ናት። ቀዬዋ ከአዲስ አበባ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሜዳው ላይ ፈረሰኞች ከብበው ይጠልፏታል። ታደለ የተባለው ሰው ቀደም ሲል ለጋብቻ ጠይቋት አባቷ ከልክሎታል። ጎጆ ውስጥ ዘግቶባት ይደፍራታል። በማግስቱ ጠመንጃውን አንሥታ ትሮጣለች። ያሳድዷታል፤ ይደርሱባታል፤ ትተኩሳለች፤ ታደለ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ የአንዲት ጥይት ሒሳብ ነው። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ከአዲስ አበባ መጥታ ክርክሩን ትይዛለች።

ይህ እንዲሁ የተፈጠረ ታሪክ አይደለም። መነሻው በፈረንጆች 1996 የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነበር። ልጅቷ ራሷን ከጥቃት እንደተከላከለች ተቆጥሮ ነጻ ወጣች። ፊልሙን የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በአማርኛ ተቀረጸና ጥር 2006 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በቀጣዩ ወር በርሊን ላይ በፓኖራማ ዘርፍ እንደገና ተመልካቹ መረጠው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ጊዜ የመረጠው ቲኬት ቆርጦ የገባው ሰው ነው።

ርእሱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ይህን ርእስ እንደ እኛ የሚሰማው የለም። «ድፍረት» ስንል ጀግንነት ማለታችን ነው፤ ደፋር ልጅ፣ ደፋር ተኳሽ እንላለን። ያው ቃል ግን ወደ ሴት ልጅ ዞሮ «ተደፈረች» ሲባል ይጨልማል። አንድ ሥር፣ ሁለት ፍሬ። የደፈራትም ድፍረት አለው፤ ጠመንጃውን ያነሣችውም ድፍረት አላት፤ ሕግን በሕግ ልትሞግት የተነሣችው ጠበቃም እንዲሁ። ፊልሙ የትኛውን እንደሚል አይነግረንም። ወደ ሌላ ቋንቋ ሊመልሰው የሚሞክር ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል። እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ጆሮ እንሰማለን።

ሌላም ግጥምጥሞሽ አለ። በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በዓለም መድረክ የቆመችው ልጅም ሂሩት ሆነች። ታስቦበት ነው አልልም። ግን ፊልማችን ገና አፉን ሲፈታ በአንዲት ሂሩት ስም ጥያቄ ጠየቀ፤ ያቺ «አባቷ ማነው?» ተባለላት። ይህችኛዋ አባቷ ይታወቃል፤ እየወደዳትም ሊያድናት አቃተው። የእሷ ጥያቄ «ዳኛዋ ማነው?» የሚል ነው።

አሁን ወደ ጥይቷ ልመለስ። በዚያ ትዕይንት ውስጥ ልጅቷ ከጠመንጃው ታንሳለች። በሁለት እጇ ታቅፋው ትሮጣለች እንጂ እንደ ተኳሽ አልያዘችውም። ሲከቧት ታስጠነቅቃለች፤ ማን ይስማት! ከዚያ ጥይቱ ይወጣል። በቪዲዮ ቤታችን ቢሆን እዚህ ላይ ጭብጨባ ነበር። በእኛ ሠርግ ቢሆን እዚህ ላይ ፉከራ ነበር። ሂሩት ግን ተኩሳ አትፎክርም። የተኮሰችው እሷ፣ የደነገጠችውም እሷ። ወዲያው ወንዶቹ እዚያው ሊገድሏት ይነሣሉ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ጥይት በፊልም አይቻለሁ፤ በጆሮዬም ሰምቻለሁ። ይህችን ያህል ያሳፈረችኝ ጥይት ግን የለችም። ያሳፈረችኝ ልጅቷ ስለገደለች አልነበረም። ከእሷ በፊት ላየኋቸው ጥይቶች ሁሉ ማጨብጨቤን ስላስታወሰችኝ ነው።

እውነተኛ የወንጀል ፊልም ከተራው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደም በማብዛት አይደለም። እንዲያውም ደሙን ይቆጥባል። የሚያበዛው ከወንጀሉ በኋላ ያለውን ነው፦ የጣቢያውን አግዳሚ፣ የዋስትናውን ክርክር፣ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ። የልደት ካርድ በሌለበት ገጠር የአንዲት ልጅ ዕድሜ ራሱ ክስ ይሆናል። እናት «የእገሌ ጦርነት ጊዜ»፣ «ያ ውርጭ እህሉን የመታው ዓመት» ብላ ትቆጥራለች፤ ዐቃቤ ሕጉ ቁጥር ይፈልጋል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. «የብስክሌት ሌቦች»ን ሲሠራ መንገዱ ይኸው ነበር። ዋናውን ሰው የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ብስክሌቱ የተሰረቀበት ድኻ መጨረሻ ላይ ራሱ ሊሰርቅ ይሞክራል፤ ተመልካቹም ማንን እንደሚረግም ይቸግረዋል። ጥሩ የወንጀል ፊልም የምንረግመውን ሰው ያሳጣናል።

«ድፍረት» ውስጥ ይህን በደንብ የምታዩት በሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ ተነሥቶ ይናገራል፤ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል። የሟች ወገን ደሙን ይጠይቃል። የልጅቱ አባትም ቃሉን ይሰጣል። ይህን ሥርዓት እኛ እናውቀዋለን፤ ዛፉንም እናውቀዋለን፤ ምናልባት ከመካከላችን እዚያ የተቀመጠ ይኖራል። ዘረሰናይ በእነዚህ ሽማግሌዎች አልቀለደም። እንደ አረመኔ አላሳያቸውም። ንግግራቸው ጨዋ ነው፤ ሐሳባቸውም የየራሱ ነው፤ አንዳንዱ ይራራል። ታደለንም ቢሆን ቀንድ አላበቀለለትም። አባቶቹ ያደረጉትን ያደረገ ይመስለዋል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው የሠራው ወንጀል በአንድ ፍርድ ያልቃል፤ ጨዋ ሰዎች ተስማምተው የሚያሳልፉት ወንጀል ግን በምን ያልቃል? በዚያ ሸንጎ ሁሉም ተናገረ፤ ልጅቷ ብቻ የለችም። ከቀዬዋ እንድትርቅ ሲወሰን የሰማት ሰው የለም።

ሽማግሌ ብቻ ወቅሰን እንዳንነሣ ደግሞ ሕጉን እንየው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ የሚቀርበት በር ትቶለታል። እንግዲህ ፍርድ ቤቱና ዛፉ በዚህ ረገድ ያን ያህል አይራራቁም ነበር ማለት ነው። ያ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ዛሬ አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ተጠያቂነቱን አያስቀርም። በመካከሉ የዚያች ልጅ ጉዳይና የእነዚያ ጠበቆች ትግል አለ። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» እንላለን። ሕጉ ራሱ የሚያፈስስ ሲሆን ግን ሕጉን «በሕግ አምላክ» የሚለው ሰው ያስፈልጋል።

ያን ሰው ሆና የቆመችው ሜሮን ጌትነት ናት። ስለ ትወናዋ ስናገር አንድ ነገር አስቀድሜ ላስተካክል። «እሳቸው» ስል እውነተኛዋን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ማለቴ ነው፤ «እሷ» ስል የፊልሟን መዓዛ። አማርኛችን ደግ ነው፤ ሰውንና ጥላውን በአንድ ቃል ይለይልናል።

ብዙዎቻችሁ ሜሮንን በ«ዳና» ድራማ ታውቋት ነበር። በቴሌቪዥን ድራማ ተዋናይ ሲያዝን ማልቀስ፣ ሲቆጣ መጮኽ ይጠበቅበታል፤ ተመልካቹ እንጀራ እየጋገረም፣ ቡና እያፈላም ቢሆን እንዲገባው። በዚህ ፊልም ግን ሜሮን ተቃራኒውን ታደርጋለች። የጠበቃ ሚና ሲባል ችሎት ፊት ቆሞ ነጎድጓድ የሚያወርድ ሰው ነው የሚታየን። የእሷ መዓዛ ሥራዋ በአብዛኛው ማድመጥ ነው። ጣቢያ ትሄዳለች፤ ይመልሷታል፤ እንደገና ትሄዳለች። ፖሊሱ ሲያንጓጥጣት ፊቷ ላይ ንዴቱ ሲመጣ ታያላችሁ፤ ከዚያም ሲዋጥ ታያላችሁ። ያ መዋጥ ነው ትወናው። ንዴት ማሳየት ቀላል ነው፤ የተዋጠ ንዴት ማሳየት ግን እሳትን በአመድ ሸፍኖ «ይኸው እሳት» እንደማለት ነው።

ከልጅቷ ጋር በሚኖራት ትዕይንት ደግሞ ሜሮን ራሷን ታሳንሳለች። ሂሩትን የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ናት፤ ስሟን አደራ እንዳትስቱብኝ፤ ከዚያ በፊት በፊልም ያልታየች ወጣት። ታዋቂ ተዋናይ ከጀማሪ ጋር ሲቀመጥ ብርሃኑን ወደ ራሱ መጎተት ልማድ ነው። ሜሮን ትለቅላታለች። ጠይቃ ዝም ትላለች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስትቆይ አታጣድፋትም፤ ያን ዝምታ በዓይኗ ትጠብቀዋለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ልጅቷ ቀስ በቀስ ሰው የምትሆነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እኔም እናንተም ስንሰማ አድገናል፤ ሜሮን ይህን ተረት በንግግር አልመለሰችለትም። አውቃ፣ ተቀምጣ፣ ሌላዋን ሴት በማድመጥ መለሰችለት።

ይህን ለእናንተ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብኝም። አገራችን ጋይንት ቤተልሔም አላት። ከየአድባራቱ ድጓ የተማረ ሊቅ ቤተልሔም መጥቶ ያስመሰክራል። ቃሉን ልብ በሉት፤ «ተፈተነ» አይባልም፤ «አስመሰከረ» ይባላል። ድምፁ ማማሩ አይበቃም። ዜማው የእሱ አይደለም፤ የተቀበለው ነው፤ አንዲት ምልክት ቢስት ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ ይስታል። ስለዚህ በራሱ ድምፅ ሲያዜም ስለ ሌላ ይመሰክራል። የሜሮን ትወናም እንዲህ ያለ ነው። ሕያው ሰው መጫወት ከባድ ነው፤ ባለታሪኳ ራሳቸው ተመልካች ሆነው ሊቀመጡ ይችላሉ። የእሳቸውን አነጋገርና አረማመድ መቅዳት አንድ መንገድ ነው። እሷ የመረጠችው ግን ሥራቸውን መመስከር ነው። እሳቸው ከፊልሙ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆነው ሲሾሙ፣ ፊልሙን ያየን ሰዎች አዲስ ሰው የተሾመ አልመሰለንም።

ፊልሙ ግን እንከን የለውም አልልም፤ እንደዚያ ካልኩ ማስታወቂያ እንጂ ዲስኩር አይሆንም። ከተማው ውስጥ ያለው ክፍል አንዳንዴ ንግግር ይበዛበታል፤ ሰዎቹ እርስ በእርስ ከመነጋገር ይልቅ ለእኛ የሚያስረዱ የሚመስሉበት ቦታ አለ። የፊልሟ መዓዛም ድካም ጎደላት። ስሕተት የማትሠራ ጀግና ትከበራለች እንጂ ከልብ አትገባም። እዚህ ላይ ያዳናት ሜሮን ናት፤ ጽሑፉ ያልሰጣትን ድካም በትከሻዋና በዓይኗ ሥር አመጣችው።

ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄም አለ። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ከገቡ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ክርክሩ የታሪኩ ባለቤት ማነው የሚል ነበር። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ብዙ ሰው በወቅቱ «ምን ዓይነት ነውር ነው፤ ዓለም ያጨበጨበለትን!» አለ። እኔም ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ጥያቄው የፊልሙ የራሱ ጥያቄ ነበር። ያቺ ልጅ በሌለችበት ዛፍ ሥር ተፈረደባት ብለን ካዘንን፣ ባለታሪኳ በሌለችበት አዳራሽ ስናጨበጭብስ? ስለ ተጎዳ ሰው ፊልም የሚሠራ፣ ዜና የሚጽፍ፣ እንደ እኔም ዲስኩር የሚያሰማ ሁሉ ይህን ጥያቄ ኪሱ ይዞ መዞር አለበት። እውነተኛ ስሟን ዛሬ ያልጠራሁት ስለዚህ ነው።

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። አያቴ ስማዳ ነበሩ፤ የአውጫጪኝን ነገር የሰማሁት ከሳቸው ነው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሥራ የለም፤ መሄድ የለም። ሁሉም በተራ ይምላል። ያወቀ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ይጠቁማል። አያቴ፣ «ልጄ፣ ከሌባው ይልቅ የሚከብደው ያ ዝምታ ነበር» ይሉኝ ነበር፤ «ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም መሬት ይጭራል።»

ጥሩ የወንጀል ፊልም ለእኔ አውጫጪኝ ነው። በሩ ይዘጋል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ማንም አይወጣም። ቪዲዮ ቤታችን «ገዳዩ ማነው?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። «ድፍረት» ገዳዩን ገና ከመነሻው አሳይቶን፣ «አንተስ የት ነበርክ?» ይለናል።

ጠለፋ የሌላ አገር ነገር ነው ብለን ደግሞ እንዳንጽናና። በእኛ አካባቢ ሕፃን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ያለዕድሜ ጋብቻ ነው፤ ፈረስም ጅራፍም ሳያስፈልገው፣ በድግስና በእልልታ። ከዚያም የባሰ አይተናል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ይህች ከተማ በትግራይ ኃይሎች ተዋጊዎች እጅ በነበረችባቸው ቀናት የደረሰውን ከዚህ አዳራሽ ለማን እነግራለሁ? አምነስቲ ኢንተርናሽናል ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይፋ ባደረገው መግለጫ፣ በነፋስ መውጫ በተዋጊዎቹ ተደፈርን ያሉ 16 ሴቶችን አነጋግሯል። 16 የተናገሩት ናቸው። ያልተናገሩትን ቆጣሪ የለም። ከእኛው ጋር ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከእኛው ጋር ገበያ ይውላሉ፤ ዛሬም ከመካከላችን ይኖራሉ። ከጎናችሁ ማን እንደተቀመጠ አታውቁም፤ ማወቅም የለባችሁም፤ እሷ ካልፈለገች።

ግን ከፈለገችስ? አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ አንድ ቃል ጀምራ ብትተውስ? ያን ጊዜ ፉከራ አይጠቅማትም፤ ዲስኩርም አይጠቅማትም። «ማን ነው? አሳዪኝ!» ብሎ ምንሽሩን ከማገር የሚያወርድ ወንድምም ቃሏን መልሶ ያስውጣታል። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ ላስታውስ የምፈልገው ሜሮን ጌትነት ያቺን ልጅ እንዴት እንደጠበቀቻት ነው። ጠይቃ ዝም አለች። አላጣደፈቻትም።

አሁን መብራቱን እናጥፋና ፊልሙን እንይ። ሂሩት ስትተኩስ የሚያጨበጭብ ሰው ቢኖር አልቆጣውም፤ እኔም ስንት ዘመን አጨብጭቤ ነው የመጣሁት።